የአባታችንን ሕንፃ ከወንድሜ እጅ አውጥቶ ፍርድ ቤት በሚሾመው ሰው ማስተዳደር ይቻላል?

ጥያቄው ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ኑዛዜ አልተወም። አዲስ አበባ ውስጥ ከእናታችን ጋር የሠሩት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ፤ ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ ሆኖ ተከራይቷል። አራት ልጆች ነን። ኪራዩን የሚሰበስበው ታላቅ ወንድማችን ነው፤ አንድም ቀን ሒሳብ አሳይቶን አያውቅም። እናታችን የወር አስቤዛዋን የምታገኘው እሱን ለምና ነው። የውኃ ፓምፑ ከቆመ ስምንት ወር ሆነው፣ ጣሪያው ያፈስሳል፣ ሁለት ተከራዮች ለቀዋል። እዚህ አገር እንዲህ ዓይነት ጠብ ሲነሣ ፍርድ ቤት ገለልተኛ ሰው ሾሞ ንብረቱን ያስተዳድራል አሉኝ። በእኛ አገርስ ይቻላል? ወንድሜ ከድሮ ጀምሮ የእኔም የአባቴም ውክልና በእጁ ነው።»

ይቻላል። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ክርክር የተነሣበት ንብረት ከያዘው ሰው እጅ ወጥቶ ፍርድ ቤቱ በሚሾመው ሰው ጥበቃና አስተዳደር ሥር እንዲውል ይፈቅዳል። በችሎት «ንብረት ጠባቂ» ወይም «ገለልተኛ የንብረት አስተዳዳሪ» ሲባል ይሰማሉ፤ ስሙ እንደ አመልካቹ ጠበቃ ይለዋወጣል፣ ሥራው ግን ያው ነው። ሜሪላንድ የነገሩዎት ነገርና ይህኛው የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ከጥብቅ ሕግ ይልቅ በርትዕ ይፈርዱ የነበሩት የእንግሊዝ የፍትሐዊነት ችሎቶች ያበጁት ሥርዓት ወደ አሜሪካም ወደ ሕንድም ተሻገረ፤ የእኛ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 ከወጣው የሕንድ ሕግ ብዙ ቀድቷል።

ነገር ግን እንዲህ ብለው ወደ ቢሮዬ ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ነገር ነው። የእርስዎም ደብዳቤ ሦስት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ይጠራል፦ ሒሳብ የሌለው ኪራይ፣ ለዕለት ጉርሷ የምትለምን እናት፣ እየፈረሰ ያለ ቤት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአስተዳዳሪ በጣም የቀለለና የረከሰ መድኃኒት አለ። ሦስተኛው ነው ወደ ሹመት የሚወስደን።

ከሁሉ በፊት ግን ውክልናው። የአባትዎ ውክልና በሞታቸው ቀን ቀርቷል፤ ወካይ ሲሞት፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ ሥልጣኑም አብሮ ይቋረጣል። ወንድምዎ ያንን ወረቀት እያሳዩ ከተከራይ ጋር የፈረሙት ውል ካለ ለብቻው የሚነሣ ጉዳይ ነው። የእርስዎ ውክልና ግን ዛሬም ሕያው ነው፤ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የወንድምዎ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው። «ራሷ ወክላው፣ ራሷ ሾማው፣ አሁን ምን ትላለች?» ይባላሉ። ስለዚህ በዋሽንግተን ኤምባሲያችን ቀርበው ይሻሩት። የሻሩበትን ሰነድ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ያሳልፉ፤ ቅጂው ለወንድምዎ በጽሑፍ ይድረሳቸው፣ የደረሳቸው መሆኑም ማስረጃ ይኑረው። በዚያው ቀን ለጠበቃዎ የሚሰጡት አዲሱ ውክልና ክስ የማቅረብና የመታረቅ ሥልጣን በግልጽ ይጻፍበት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 እነዚህ ልዩ ውክልና የሚጠይቁ ናቸው፤ «ማናቸውንም ጉዳይ እንዲፈጽምልኝ» የምትለዋ የለመድናት ሐረግ አትበቃም። ለዚህች አንዲት ቃል ሲባል ሰነድ ተመልሶ ውቅያኖስ ሲሻገር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቀጥሎ የማን ምን እንደሆነ። ሕንፃው በጋብቻ ዘመን የተሠራ ከሆነ ግማሹ የእናትዎ ነው። ይህ ውርስ አይደለም፤ ቀድሞም የራሳቸው ነበር። የአባትዎ ውርስ የቀረው ግማሽ ብቻ ነው። ሚስት በሕጋችን ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ ስላልሆነች እሱን አራታችሁ እኩል ትካፈሉታላችሁ። ስለዚህ የእርስዎ ድርሻ ከሕንፃው አንድ ስምንተኛ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስባታለሁ።

አስተዳዳሪ ይሾምልኝ የሚል ማመልከቻ ብቻውን አይቆምም፤ የሚንጠለጠልበት ዋና ክስ ይፈልጋል። የእርስዎ ዋና ክስ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ወንድምዎ ከአባትዎ ሞት ጀምሮ የሰበሰቡትን ኪራይ ሒሳብ እንዲያቀርቡና ድርሻዎን እንዲከፍሉ፣ የጋራ ንብረቱም እንዲከፋፈል። የወራሽነት ማስረጃ ከአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት ይወጣል፤ የንብረቱ ክርክር ግን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነው። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ግምቱ ከ10 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ክስ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ስለሚታይ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ የሚነሣው የእርስዎ ክስ ወደዚያ መሄዱ አይቀርም። ደግሞ ሦስተኛው ዓመት ሳይሞላ ይግባ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 ያለውን የሦስት ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ፣ መቃወሚያ አድርገው ያነሡብዎታል፤ ተከራክሮ ከመርታት ይልቅ ቀድሞ መገኘት ይቀላል።

ውርስ አጣሪ ማሾም አይሻልም ወይ የሚል ጠበቃ ያጋጥምዎት ይሆናል። ሐሳቡ ባዶ አይደለም። አጣሪ በቁጥር 956 መሠረት ወራሾችን ይለያል፣ ውርሱን ያስተዳድራል፣ ዕዳ ይከፍላል። ነገር ግን የአጣሪው ሥልጣን በውርሱ ላይ ነው፤ የእናትዎ ግማሽ ውርስ አይደለም። ጣሪያውን ደግሞ ግማሹን ብቻ መጠገን አይቻልም። ከዚህም ሌላ፣ ብዙዎቹ አጣሪዎች ወረቀት አጣርተው ሪፖርት የሚያቀርቡ ናቸው እንጂ የፓምፕ ጥገና አያሠሩም። ሙሉውን ሕንፃ የሚይዝ አስተዳዳሪ መጠየቅዎ ስለዚህ ምክንያት አለው።

ዳኛው ምን ይመለከታል? ገና ፍርድ ሳይሰጥ ንብረት ከያዘው ሰው እጅ መንጠቅ ከባድ ነገር መሆኑን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1955 የሕንዱ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አምስት መመዘኛ አስቀምጦ ነበር። እኛን አያስገድደንም፤ ሕጋችን ከአንድ ምንጭ ስለተቀዳ ግን ነገሩን ለማሰብ ይረዳል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሹመቱ የዳኛው ፈቃደ ሥልጣን እንጂ የአመልካች መብት አይደለም፤ አመልካቹ ዋናውን ክስ የመርታት ጥሩ ተስፋ ይኑረው፤ ንብረቱ ላይ ቶሎ ሊደርስ የሚችል ጥፋት ወይም ብክነት ይታይ፤ ንብረቱን በእጁ ያደረገ ሰው ያለ ብርቱ ምክንያት አይነቀል፤ አመልካቹም ራሱ ያልዘገየና ነቀፌታ የሌለበት ይሁን። የእርስዎ ደካማ ጎን የመጨረሻው ነው። ሁለት ዓመት ዝም ብለዋል፣ ውክልናዎም በወንድምዎ እጅ ነበር።

ጠንካራው ጎንዎ ፓምፑ ነው። «ሒሳብ አላሳየንም» የሚለው ቅሬታ ዳኛን አያነቃንቅም፤ ያንን ዋናው ክስ ይመልሰዋል። ስምንት ወር የቆመ ፓምፕ፣ የወረደ ኮርኒስ፣ የተከማቸ የውኃና የመብራት ውዝፍ፣ የለቀቁት ተከራዮች የጻፉት ደብዳቤ፣ ጣሪያውን ያየ የሕንፃ ባለሙያ ያዘጋጀው አንድ ገጽ ማስታወሻ ግን ጉዳዩን ከወንድማማች ኩርፊያ አውጥተው የንብረት መጥፋት ያደርጉታል። ፎቶግራፉ ቀን ይኑረው። የእናትዎ ቃለ መሐላ ቢታከልበት ከሁሉ ይበልጣል።

አሁን ቀላሉን መድኃኒት ልንገርዎ፤ ከሹመቱ በፊት፣ ካልሆነም ከሹመቱ ጋር በአማራጭ ይጠየቃል። አንደኛ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ሕንፃው እንዳይሸጥ፣ ለዋስትና እንዳይያዝ፣ ስሙ እንዳይዛወር የእግድ ትዕዛዝ ለመሬት አስተዳደሩ ይጻፍ። ይህን የማይጠይቅ ሰው የዋህ ነው። ሁለተኛ፣ ተከራዮቹ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩን ያለ ችሎቱ ትዕዛዝ በማይንቀሳቀስ ዝግ የባንክ ሒሳብ እንዲያስገቡ ይታዘዝ። ሦስተኛ፣ ከዚያ ሒሳብ ለእናትዎ በየወሩ ይህን ያህል ብር ይከፈል ይባል። ሦስቱ ትዕዛዞች ተሰጥተው ወንድምዎ ሕንፃውን ከጠገኑ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አስተዳዳሪ አያስፈልግዎትም። ገንዘቡ ከእጅ ሲወጣ ጠቡ በራሱ የሚበርድበት ቤተሰብ ብዙ ነው።

ካልጠገኑስ? ያኔ ሹመቱን ይጠይቁ፤ ግን የትዕዛዙን ቃል እርስዎ ራስዎ አርቅቀው ያቅርቡ። የእኔ ዋና ምክር ይህ ነው። ጠበቆች ሁሉ የሚደክሙት አስተዳዳሪ ለማሾም ነው፤ የተሾመው ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ የሚያስብ ጥቂት ነው።

ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ እንዲህ ባለ ሕንፃ ላይ ተሹሜ ነበር። ትዕዛዙ አንዲት መስመር ናት፦ «ክርክሩ እስኪያልቅ ንብረቱን እንዲያስተዳድር ተሹሟል።» ጠዋት በሩ ላይ ደረስኩ። ዘበኛው ወረቀቱን ገልብጦ፣ ማኅተሙን አይቶ፣ «ጋሼ ሳይፈቅዱ አልከፍትም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ትዕዛዙ ማንም ሰው እንዲያስረክበኝ አይልም። በሌላ ቀን በሌላ ትዕዛዝ ከፖሊስ ጋር ተመልሼ ቁልፎቹን ተረከብኩ። በዱቄት ወተት ጣሳ ነው የሰጡኝ፤ 37 ቁልፍ፣ አንዱም ምልክት የለው። ከሰዓቱን ሙሉ ደረጃ ለደረጃ እየወጣሁ ቁልፍ ስሞክር አመሸሁ። ባንክ ሄድኩ፤ «ሒሳቡ በማን ስም ይከፈት?» አሉኝ። ትዕዛዙ አይልም። የሁለተኛው ፎቅ ተከራይ ኪራይ ስጠይቀው «የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍያለሁ» ብሎ ደረሰኝ አወጣ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቀን መጋቢት ነው፤ ግርጌው ላይ ማተሚያ ቤቱ ያተመበት ወር ግን ግንቦት ይላል። ይህን ሁሉ ለማስተካከል በየጊዜው ወደ ችሎት ስመላለስ አምስት ወር አለፈ። በአምስቱ ወር ውስጥ አንድ ቧንቧ አላስጠገንኩም።

ከዚያ ወዲህ የማረቅቃቸው ማመልከቻዎች ረዘም ይላሉ። ትዕዛዙ መጀመሪያ ማን ንብረቱን እንደሚለቅ በስም ይጥራ፤ በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን ፊት፣ በምን ዓይነት የንብረት ዝርዝር እንደሚያስረክብ ይናገር። ቁልፍ፣ የኪራይ ውሎች፣ የደረሰኝ ጥራዞች፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ በዝርዝሩ ይግቡ። ተከራይ ቅድሚያ ከፍያለሁ የሚል ከሆነ ደረሰኙን በአሥር ቀን ውስጥ ለአስተዳዳሪው ያቅርብ፤ ከትዕዛዙ በኋላ ለወንድምዎ የከፈለ እንደከፈለ አይቆጠርለት። የባንክ ሒሳቡ በመዝገቡ ቁጥርና በአስተዳዳሪው ስም ይከፈት። ከዚያ ገንዘብ ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሚወጣ ይጻፍ፦ ግብር፣ የውኃና የመብራት ክፍያ፣ የዘበኛ ደመወዝ፣ ጥገና፣ የእናትዎ ወርሐዊ ክፍያ። የተረፈው ፍርድ እስኪሰጥ ይቀመጥ።

የጥገና ጣሪያም ይበጅ። ከዚህ ብር በታች አስተዳዳሪው ራሱ ያሠራ፣ ከዚያ በላይ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ አያይዞ ያስፈቅድ። ይህች መስመር ከሌለች አስተዳዳሪው ወይ ለአምፖል ሁሉ ችሎት ይመላለሳል፣ ወይ ሕንፃውን አድሶ ደረሰኙን ይዞባችሁ ይመጣል። በኪራይ ውል በኩል የምጠቀምበት መለኪያ የጠቅላላ ውክልና ልክ ነው፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 የአስተዳደር ሥራ ውስጥ የሚገባው ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ኪራይ ነው። መሸጥና በመያዣነት ማስያዝ ከአስተዳደር ውጪ ስለሆኑ በግልጽ ይከልከሉ። ፎቆቹ መኖሪያ በመሆናቸው ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይገዛቸዋል። አስተዳዳሪው ገቢ ለማሳደግ ብሎ የመኖሪያ ኪራዩን እንዳሻው መጨመር አይችልም፤ የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት አያንስም። ምድር ያሉት ሱቆች በዚህ አዋጅ አይገቡም።

ሪፖርት በየሦስት ወሩ ለችሎቱ፣ ቅጂ ለሁሉም ወገን። አስተዳዳሪው ዋስ ይጥራ። ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ካደረሰ ከራሱ ንብረት ይጠየቃል፤ ዋሱ ያኔ ነው የሚያስፈልገው።

ማን ይሾም? ወንድምዎን የሚጠላ ዘመድ አያቅርቡ፤ ዳኛው በአንድ እይታ ያውቀዋል። የተፈቀደለት የሒሳብ ባለሙያ ወይም ሕንፃ ማስተዳደር ሥራው የሆነ ሰው ከጠበቃ ይሻላል፤ ይህን የምለው ጠበቃ ሆኜ ነው። ሁለት ሦስት ስም ይዘው ይቅረቡ፤ ወንድምዎ ከሦስቱ አንዱን እንዲመርጡ ዕድል ይስጡ። ራሳቸው በመረጡት ሰው ላይ የሚነሣው ጠብ ያንሳል።

ወንድምዎ ትዕዛዙን ሲቃወሙ ወዲያው ይግባኝ ማለት ቀላል አይሆንላቸውም፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 320 ንዑስ 3 መሠረት ዋናው ክርክር ሳያልቅ በጊዜያዊ ትዕዛዝ ላይ ይግባኝ ማለት በመርሕ አይፈቀድም፣ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም። ትዕዛዙን የሰጠውን ችሎት ግን ሁኔታው ተለውጧልና ይነሣልኝ ማለት ይችላሉ። ፓምፑን አስጠግነው ከነደረሰኙ ሊቀርቡ ይችላሉ። እንዲህ ካደረጉ ደስ ይበልዎት፤ ያልፈለጉትን አስተዳዳሪ ሳያሾሙ የፈለጉትን ፓምፕ አገኙ ማለት ነው። ችሎቱም መዝገቡን በፍርድ ቤት ወደሚሠራው አስማሚ ሊመራው ይችላል፤ እምቢ አይበሉ። ስለ ሒሳብ አያያዝና ስለ እናትዎ ክፍያ በአስማሚ ፊት ተፈርሞ በችሎት የጸደቀ ስምምነት ከአስተዳዳሪ ሹመት ረክሶ ከሽማግሌ ቃል ጠንክሮ ይገኛል።

አሁን ወደዚያች ቁጥር። የሕንፃው ኪራይ በወር 200 ሺሕ ብር ነው እንበል፤ አስተዳዳሪው ከሚሰበስበው ላይ ስምንት በመቶ ቢወሰንለት 16 ሺሕ ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ የእርስዎ አንድ ስምንተኛ 2 ሺሕ ብር ነው፤ ሜሪላንድ ላለ ሰው ምንም ማለት አይደለም። የእናትዎ ግማሽ ግን 8 ሺሕ ብር ነው፤ በየወሩ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ። ከጠቡ ሁሉ ለአስተዳዳሪው ብዙውን የሚከፍሉት ክስ ያላቀረቡት እናትዎ ናቸው፤ ሕንፃውም በግማሽ የእሳቸው ስለሆነ ዳኛው በመጀመሪያው ቀጠሮ «እናታችሁ ምን ይላሉ?» ማለቱ አይቀርም። እሳቸው «ልጄ ይዞት ይቆይ» ካሉ ማመልከቻዎ እዚያው ይወድቃል። ስለዚህ ወደ ኤምባሲው ከመሄድዎ በፊት እናትዎን ይደውሉላቸውና ስለ ሹመቱም ስለ 8 ሺሕ ብሩም ይንገሯቸው። ወንድምዎ ከቤት በሌሉበት ሰዓት ይሁን።